ስለ ሕፃናት ገላና ስለሚቀባው ቅባት

ሕፃንን አጥቦ መቀባት በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የኖረ የፍቅር ሥራ ነው። ነገር ግን የቀድሞዋ እናት ለልጇ የምትቀባውን ቅቤ ራሷ ትንጠው ስለ ነበር ምን እንደ ሆነ ታውቃለች። ዛሬ በቦሌ፣ በገርጂና በመገናኛ ሱቆች የተደረደረው ቅባት ግን ምን እንዳለበት የሚታወቀው በዕቃው ላይ ከተጻፈው ብቻ ነው። ጽሑፉም በባዕድ ቋንቋ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል። ዘመድ በአውሮፕላን ይዞት የመጣውም ስጦታ እንደዚሁ በእምነት ብቻ ይቀባል።

የሕፃን ቆዳ ከዐዋቂ ቆዳ የሳሳ ነው፤ ከክብደቱም ጋራ ሲመዛዘን የገላው ስፋት ከዐዋቂው ይበልጣል። ስለዚህ የተቀባው ነገር ከገላው አልፎ ወደ ደሙ ሊገባ ይችላል፤ ለትልቅ ሰው ጥቂት የሆነው ለሕፃን ብዙ ይሆናል።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ነገር በ1964 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ደርሷል። ታልክ ሞራንዥ በተባለው የሕፃናት ዱቄት ውስጥ፣ በፋብሪካ ስሕተት፣ ሄክሳክሎሮፌን የሚባል ጀርም ገዳይ መድኃኒት ከመቶ 6 እጅ ያህል ተቀላቀለ። ከ200 የሚበልጡ ሕፃናት ታመሙ፤ 36ቱም ሞቱ። እናቶቻቸው ዱቄቱን የነሰነሱላቸው ገላቸው እንዳይቈስል አስበው ነበር።

በእኛም ቤት ሊጠነቀቁላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ፊተኛው ኩል ነው። አንዳንዱ ኩል የእርሳስ ማዕድን አለበት፤ ሕፃኑ ዐይኑን አሽቶ እጁን ወደ አፉ ሲያገባ እርሳሱ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ የአእምሮውንም ዕድገት ይጎዳል። ጉዳት እንደማያመጣ የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም።

ሁለተኛው መልክ የሚያቀላ ቅባት ነው። ከዚህ ወገን አንዳንዱ ባዘቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ አለበት፤ እርሱም ኩላሊትን ይጎዳል። እናት ለራሷ የተቀባችው እንኳ በመተቃቀፍና በፎጣ ወደ ልጁ ይተላለፋል።

ሦስተኛው እንደ ክሎቤታሶልና እንደ ቤታሜታሶን ያለው የመድኃኒት ቅባት ነው። ሐኪም ለክቶ ሲያዝዘው ይጠቅማል፤ ያለ ትእዛዝ ዘወትር ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ የልጁንም ዕድገት ሊያዘገይ ይችላል።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ዕቃን ቍጥጥር ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ሆኖም ሕግ የሱቁን ደጅ ቢጠብቅ በየቤቱ መታጠቢያ ዘንድ ሊቆም አይችልም፤ በዚያ የሚጠብቁት አባትና እናት ናቸው።

ስለዚህ ጤነኛ ለሆነ ሕፃን ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙናና ሽቶ የሌለበት ነጭ ቫዝሊን ይበቃዋል። ስም ያልተጻፈበት፣ በሌላ ቆርቆሮ የተገለበጠ ወይም ቀኑ ያለፈበት ቅባት አይገዛ። አዲስ ቅባት ሲመጣ አስቀድሞ በክንዱ ላይ በጥቂቱ ተቀብቶ ይታይ። ገላው ቢቀላ ወይም ቢያብጥ ወዲያው በውኃ ይታጠብ፤ ቅባቱም ከነዕቃው ከልጁ ጋራ ወደ ሐኪም ይወሰድ። አጠራጣሪ ዕቃ ያየ ሰው በ8482 ስልክ ለባለሥልጣኑ ያስታውቅ።

ሕፃን የሚቀባውን ራሱ አይመርጥም፤ ቢያቃጥለውም ከማልቀስ በቀር ምክንያቱን አይናገርም። እንግዲህ ከመቀባት በፊት ማንበብ፣ ማንበብ ቢያቅት መጠየቅ፣ የወላጅ ግዴታ ነው።