ከስግደት በኋላ ስለሚመጣ የጭን ሕመም

የዕለተ ስቅለትን ስግደት ፈጽሞ ወደ ቤቱ የገባ ምእመን ያን ሌሊት ደኅና ያድራል፤ ሕመሙ የሚነሣበት በማግሥቱ ነው። በትንሣኤ ጧት ጭኑ ተሳስሮ፥ ባቱ ደንድኖ፥ ደረጃ መውረድ ይጨንቀዋል። ያን ጊዜ በየቤቱ መድኃኒቱ ይበዛል፤ አንዱ እግሩን ጨው በገባበት ሙቅ ውሃ ይነክራል፥ ሌላው በዘይት ይታሻል፥ አያቶችም ዝንጅብል አፍልተው ያጠጣሉ።

ሕመሙ በጡንቻ ውስጥ ከተጠራቀመ አሲድ የመጣ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በድካም ጊዜ የሚበዛው ላክቲክ አሲድ በአንድ ሰዓት ገደማ ስለሚጠራ የማግሥቱን ሕመም ሊያመጣ አይችልም። አሜሪካዊው ሊቅ ቴዎዶር ሀው እ.ኤ.አ. በ1902 ምክንያቱ በጡንቻው ውስጥ የሚደርስ ጥቃቅን መቀደድ መሆኑን ጽፎ ነበር። ይህም ጉዳት የሚበረታው ጡንቻ እየተለጠጠ ሸክም ሲይዝ፥ ማለት ሰጋጁ ወደ ምድር ዝቅ ሲል ነው። ሕመሙ እስከ 3 ቀን ይጠነክርና በሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃል።

በራሱ መልቀቁም መድኃኒቶቹን ለመመዘን ያስቸግራል። ስለዚህ ባለፈው ፋሲካ በገዛ እግራችን ፈተንነው፤ ቀኙን ጧትና ማታ በሰሊጥ ዘይት አሸን፥ ግራውን ተውነው። ቀኙ በታሸ ቍጥር ለጥቂት ሰዓት ቀለል አለን፤ ማክሰኞ ግን ሁለቱም እኩል ዳኑ። ሁለቱንም አሽተን ቢሆን ኖሮ ምስጋናውን ሁሉ ለዘይቱ በሰጠን ነበር። ባለቤታችን ግን፥ «ቀኙ ቀለል ያላችሁ የታሸውን እግር ስለምታውቁት ነው» ብላ ሳቀችብን፤ መልስ አላገኘንላትም።

ሐኪሞች በብዙ ሰዎች ላይ በፈተኑት መሠረት መታሸትና በቀዝቃዛ ውሃ መነከር ሕመሙን በመጠኑ ያቀልላሉ፤ ሰውነትን መሳብና መለጠጥ ግን የሚረባው እጅግ ጥቂት ነው። ዝንጅብልን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተፈትኖ ሕመሙን በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ዳሩ ግን በየቀኑ 2 ግራም ለ11 ቀን ተወስዶ እንጂ በሕመሙ ዕለት አንድ ስኒ ተጠጥቶ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት አስቀድሞ የሚወሰድ ነው። ጡንቻ አንድ ጊዜ በጥቂቱ ከተለማመደ ለሳምንታት ያህል ከጉዳት ይጠበቃልና፥ በዐቢይ ጾም በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት የሰገደ ሰው በስቅለት ማግሥት እንደ ሌላው አይታመምም። ጕልበቱ የታመመ አረጋዊ ደግሞ ነገሩን ለንስሐ አባቱ አስቀድሞ ይንገር።

ጡንቻው አብጦ ሽንቱ እንደ ቡና የጠቆረበት ሰው ቢኖር ግን ማሸቱ ቀርቶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ይህ ኵላሊትን የሚጎዳ ሌላ ሕመም ነው።