«የአንድ ዓመት ዋስትና» ሲሏችሁ አትመኑ

ለቡ፣ ጀሞ፣ ሃና ማርያም፣ ሃይሌ ጋርመንት፣ ላፍቶ፣ በተቋራጭ ቤት አሠርታችሁ የገባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ፈልጋችሁ አውጡ፤ የርክክብ ሰነዳችሁን። ቀኑን እዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አስር ዓመት ካልሞላ ተቋራጩ ከቤታችሁ ገና አልተላቀቀም። ስልክ ባያነሳም፣ «እኔ ካስረከብኩ ቆየሁ» ቢልም፣ ውሉ ላይ «የአንድ ዓመት ዋስትና» ተብሎ ቢጻፍም አልተላቀቀም።

ይህን የሚለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ቁጥር 3039። ሥራ ተቋራጩ ቤቱ በሚገባ ለመሠራቱና ለጥንካሬው ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለአስር ዓመት ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቤቱ በአሠራር ጉድለት ወይም ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ቢፈርስ ወይም ቢበላሽ ተጠያቂ ነው። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል ውሉ ውስጥ ቢገባም ዋጋ የለውም። ፈርማችሁም ቢሆን።

ሕጉ መሬቱን ስም ጠርቶ ማንሣቱ ለደቡብ አዲስ አበባ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የአካባቢያችን ብዙው ሜዳ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ቤት በዓመት አንዴ ወደ ላይ ይገፋል፣ አንዴ ደግሞ ይለቀዋል። ይህን የማያውቅ መሐንዲስ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ዋልካውን ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ ወይም በሌላ ሴሌክት ማቴሪያል እየጠቀጠቁ መሙላት፣ አለዚያም መሠረቱን ጠንካራው አፈር ድረስ ማውረድ። ይህ ወጪ አለው። ወጪው ግን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀር ለመቀነስ የሚመቸው ቦታ ያ ነው። ስለዚህ «መሬቱ ነው እንጂ እኔ ምን ላድርግ» የሚል ተቋራጭ ሲያጋጥማችሁ አንገታችሁን አትድፉ። ያ ማምለጫው ሳይሆን ሕጉ በእሱ ላይ የጫነው ኃላፊነት ነው።

ታዲያ «አንድ ዓመት» የሚባለው ከየት መጣ? በግንባታ ውሎች ልማድ ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ አለ። በመካከላቸው፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት፣ ተቋራጩ የሚያፈስ ቧንቧ፣ የተነሣ ሴራሚክ፣ የማይዘጋ በር በራሱ ወጪ ያስተካክላል። አሠሪውም ለዚህ ሲል ከክፍያው ላይ ሪቴንሽን ይይዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አምስት። ዓመቱ ሲያልቅ ያ ገንዘብ ይለቀቃል። የሚያልቀው እሱ ብቻ ነው። የኮለኑ፣ የቢሙ፣ የሶሌታውና የመሠረቱ ነገር ገና ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። ሁለቱን አደባልቆ መናገር ለተቋራጩ ስለሚመች ይደባለቃል፤ ክፋት ነው ባልልም ስህተት ብቻ ነው ብዬ ግን አላምንም።

አሁን ደግሞ የሚያስፈራውን ልንገራችሁ። አስር ዓመቱ የመጣው ከፈረንሳይ ነው፤ ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ፈረንሳዮች ግን ቃል ብቻውን ቤት እንደማይጠግን ስላዩ በ1978 እ.ኤ.አ. ተቋራጩ ለዚህ ኃላፊነቱ ኢንሹራንስ እንዲገባ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ተቋራጩ ቢከስር ኢንሹራንሱ ይከፍላል። የ1952ቱ ሕግ ለእኛ የተወልን ቃሉን ነው። ድርጅቱ ፈርሶ፣ ንግድ ፈቃዱ ሳይታደስ፣ ባለቤቱ በሌላ ስም ሌላ ኩባንያ ከፍቶ ብታገኙት አንቀጹን በእጃችሁ ይዛችሁ ማንን ትከሳላችሁ? ገና ልታሠሩ ያሰባችሁ ከዋጋው በፊት የምትመረምሩት ይህን ይሁን፤ ድርጅቱ ስንት ዓመት ቆይቷል፣ ደረጃው ምንድን ነው፣ ከአምስት ዓመት በፊት የሠራው ቤት የት ነው። ሄዳችሁ እዩት። ባለቤቱን አነጋግሩ።

በእጅ ዋጋ፣ ያለ ጽሑፍ፣ «ወንድሜ ነው» ተባብላችሁ ያሠራችሁ ደግሞ ማስረጃችሁ ሳስቷል። ሲሚንቶና ፌሮ የገዛችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ነገ «ዕቃው ነው» መባሉ አይቀርም። በቀን ሂሳብ የተቀጠረ ግንበኛማ ተቋራጭ ስላልሆነ አስር ዓመቱን ከእሱ መጠበቅ ከንቱ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ «ሆም ዋራንቲ ግዙ» ቢሏችሁም እነሱ የሚሉት በየዓመቱ እየተከፈለበት ቦይለርና ማቀዝቀዣ የሚጠገንበትን የአገልግሎት ውል ነው፤ እዚህ የተለመደ አይደለም፣ እዚያም ቢሆን መሠረት አያድንም። ባንክ ብድር ሲሰጥ የሚያስገባችሁ የእሳት ኢንሹራንስም ለአሠራር ጉድለት ተብሎ የተገባ አይደለም።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። ልስን ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነው የልስን መድረቅ ሊሆን ይችላል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣራ የሚወጣው፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ እየተሰበረ የሚወርደው ግን ሌላ ነው። ያ ስንጥቅ ከውጭም ከውስጥም ከታየ፣ ነሐሴ ላይ በሩ ተጣብቆ መጋቢት ላይ ከተላቀቀ፣ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። እርሳስ አንሡ። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ አጭር መስመር አስምሩና ቀኑን ጻፉ። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። በየወሩ ድገሙት። ጫፉ መስመሩን አልፎ ከሄደ የሚነገር ነገር አላችሁ፤ ያኔ ለመሐንዲስ ከፍላችሁ በጽሑፍ አስመርምሩ።

ከዚያ ተቋራጩን ደጋግማችሁ መደወል ይብቃችሁ። ጻፉ። ስንጥቁ መቼ እንደታየ፣ የት እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንዲመጣ እንደምትጠይቁ፣ ቁጥር 3039ን ጠቅሳችሁ በአደራ ደብዳቤ ላኩ፤ ደረሰኙን ያዙ። ሕጉ ባለዕዳን በማስጠንቀቂያ ማስገደድ የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ የስልክ ጭቅጭቅ ፍርድ ቤት ሲደርስ «አልደወለችም» ከተባለ ያለቀለት ነው። ሳትውሉ ሳታድሩ አድርጉት፣ መዘግየታችሁ ራሱ ክርክር ይሆንባችኋል። እስከዚያው ግድግዳውን እንዳትነኩት! ለበዓል ብላችሁ ስንጥቁን በጄሶ ሞልታችሁ ቀለም ከቀባችሁ ማስረጃችሁን በገዛ እጃችሁ ቀበራችሁ። ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ ካፈረሳችሁ ወይም ያለ ፕላን ፎቅ ከጨመራችሁማ ተቋራጩ የሚፈልገውን መልስ ሰጣችሁት። በርክክብ ቀን ዐይን ስር የነበረ ጉድለትም ሳይጻፍ ከታለፈ በኋላ ማንሣት ከባድ ነው።

ያለቀ ቤት የምትገዙ፣ የእናንተ ጉዳይ የሽያጭ ነውና ሻጩን የምትጠይቁበት ጊዜ ከአስር ዓመቱ እጅግ ያጠረ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ሲያሳዩአችሁ ክረምቱን እንዴት እንዳሳለፈ ጎረቤት ጠይቁ። ሻጩ ቤቱን ያሠራው በተቋራጭ ከሆነ የግንባታ ውሉንና የርክክብ ሰነዱን ዋና ቅጂ ተቀበሉ፤ በተቋራጩ ላይ ያለውን መብት ለእናንተ ማስተላለፉንም በሽያጭ ውሉ ውስጥ በግልጽ አስጽፉ። ካልተጻፈ ተቋራጩ «ከአንተ ጋር ምን ውል አለኝ» ይላችኋል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነገር ከሁሉም የተወሳሰበ ነው። እናንተ የተዋዋላችሁት ከቤቶች ልማቱ መሥሪያ ቤት ጋር ነው፤ ተቋራጩ የተዋዋለው ከዚያው መሥሪያ ቤት ጋር ነው። ስለዚህ አስር ዓመቱ ቁልፍ ከተቀበላችሁበት ቀን አይቆጠርም፤ ተቋራጩ ለመሥሪያ ቤቱ ካስረከበበት ቀን ነው፣ ያም ከቁልፉ ሊቀድም ይችላል። የ40/60 ቤቶች የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ሂሳቡን ሥሩት። ጀሞ ቀድመው የገቡት አስር ዓመቱን አልፈዋል፤ ለእነሱ የቀረው በዐዋጅ ቁጥር 370/1995 የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ የጋራ የሆነውን የሕንፃ ክፍል መጠገን የአንድ ቤት ባለቤት ሳይሆን የማኅበሩ ሥራ ነው፣ መዋጮውም ለዚሁ ነው። ጊዜው ያልሞላባችሁ ግን በማኅበራችሁ ስም ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አስገቡ፤ የሕንፃችሁ ተቋራጭ ማን እንደሆነና በምን ቀን እንዳስረከበ በጽሑፍ ጠይቁ። በእጃችሁ የሚቀረውን ቅጂ መዝገብ ቤት አስመትታችሁ፣ ቀንና ቁጥር አስጽፋችሁ ውጡ።