ብረት አያዘገይም፤ እግር የማይችለው ክብደት ነው የሚያዘገየው

«ብረት አትንካ፤ ትከብድና መዝለል ያቅትሃል።»

በየሜዳው ቅርጫት ኳስ ለሚጫወቱ ልጆች የሚሰጠው ምክር ይሄ ነው። የሚገርመው፣ ይህን የሚመክረው ሰው ራሱ ቡድን ሲመርጥ «አንተ ቀጭን ነህ፣ ይገፉሃል» ብሎ ልጁን ያስቀረዋል። ኧረ ልጁ ምን ይሁን? ቢከብድ ጥፋት፣ ቢቀጥን ጥፋት! በዚህ ምክንያት ኳሱን እርግፍ አድርገው የተዉ ረጃጅም ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ እውነት ያላቸውን ልስጣቸው። ክብደት ብቻውን ሲጨምር ዝላይ ይቀንሳል። ይሄ ፊዚክስ ነው፣ አልከራከርም። 70 ኪሎ የሆነ ልጅ 60 ሳንቲ ሜትር ይዘላል እንበል። የእግሩ ኃይል ባለበት ቆሞ እሱ 75 ኪሎ ቢገባ፣ ያው ኃይል ቢበዛ 56 ሳንቲ ሜትር ነው የሚያነሳው። ካላመናችሁ 5 ኪሎ ጤፍ በቦርሳ አዝላችሁ ዝለሉ።

ግን ጡንቻ ጤፍ ነው እንዴ? ጤፍ ተሸካሚ ይፈልጋል። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ራሱ ተሸካሚ ነው። ክብደትህ 5 በመቶ ጨምሮ የእግርህ ኃይል 15 በመቶ ከጨመረ ከበፊቱ ከፍ ብለህ ትዘላለህ፣ ከቆምክበትም ፈጥነህ ትነሳለህ። መጠየቅ ያለበት ኪሎው የት እንደገባና ኃይሉ አብሮት መምጣቱ ነው።

ማስረጃ ካላችሁኝ፣ ማይክል ጆርዳን። ቺካጎ ቡልስ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በ1989 እና በ1990 በተከታታይ በዲትሮይት ፒስተንስ ተሸነፈ። ጆርዳንን እየደበደቡ ነበር የሚያቆሙት። ሰውዬው ከቲም ግሮቨር ጋር ብረት ያዘ፣ ወደ 7 ኪሎ ገደማ ጨመረ፣ በ1991 ፒስተንስን 4 ለ 0 ጠርጎ ዋንጫ ወሰደ። መዝለል ረሳ? ያኒስ አንቴቶኩንምፖስ? በ2013 ኤንቢኤ ሲገባ 89 ኪሎ ገደማ ነበር፣ በኋላ ወደ 110 ደረሰ። ቁመቱም ጨምሯል፣ እሺ። ግን በ2019 እና በ2020 የዓመቱ ኮከብ የተባለው ከብዶ ነው፤ ሜዳውንም በጥቂት እርምጃ ነው የሚጨርሰው። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ኪሎ በአንድ ክረምት አላመጣውም፣ ዓመታት ፈጅቶበታል።

አሁን ደግሞ እናንተ ጂም ቤት ያላችሁት፣ አትሳቁ። ለዚህ ተረት ማስረጃ የምትሆኑት እናንተው ናችሁ! ሦስት ወር ሙሉ ደረትና ክንድ፣ ደረትና ክንድ። እግር የሚባል ነገር የለም። ሳይገድሉ ጎፈሬ! ያ ደረት ለመዝለል ጤፍ ነው። በዚያ ላይ ጅማት እንደ ጡንቻ ቶሎ አይጠነክርም። ክብደቱ በጥድፊያ ሲመጣ፣ ዘላችሁ ባረፋችሁ ቁጥር ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ በቀላል ክብደት፣ የሚያውቅ ሰው እያየ፣ ስኳት በትክክል መማር። ከዚያ ቀስ በቀስ ከበድ ያለ ክብደት፣ ጥቂት ድግግሞሽ፣ በቂ እረፍት። ከጎኑ ዝላይና አጭር ሩጫ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኃይል የሚጨምረው በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻን በደንብ ማዘዝ ስለሚማር ነው፤ ሚዛኑ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ማለት ነው። «ቁመት ያስቀራል» የሚባለውም በአግባቡና በክትትል ለሚሠራ ልጅ እውነት አይደለም።

አሰልጣኞች፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ልጁ ዘሎ የነካበትን ግድግዳ ላይ በጠመኔ አስምሩ፣ በወር አንዴም ከኪሎው ጋር አመሳክሩ። ኪሎው ጨምሮ መስመሩ ከፍ ካለ ይቀጥል። ኪሎው ጨምሮ መስመሩ ከወረደ ሥልጠናውን ቀይሩ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ጠመኔ የሌለው ትምህርት ቤት የለም።

የማይስማማ ካለ አስተያየት መስጫው ክፍት ነው። ግን ለክቶ ይምጣ።