ደሙን ሽማግሌ ያደርቃል፣ ካሣውን ማን ይከፍላል?

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ ላይ መኪና ሰው ሲገጭ ሁለት ፋይል ይከፈታል። አንደኛው ትራፊክ ፖሊስ ጋ ነው፤ ፕላን ይነሳል፣ ቃል ይሰጣል፣ ወረቀቱ ወደ ኢንሹራንስ ይሄዳል። ሁለተኛው ማኅተም የለውም፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ይቀመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ይሄኛው ነው። ከዚያ የመኪናው ባለቤት የከፈለውን ለመጠየቅ ኢንሹራንስ ቢሮ ሲሄድ «ሳታማክረን ታርቀሃል፣ ሳታማክረን ከፍለሃል» ይባላል። ዕርቁ የካሣ መከልከያ ሆነ ማለት ነው።

ይሄ አሠራር ነውር ነው። ቃሉን አስቤበት ነው የምጠቀመው።

ከዕርቁ እንጀምር። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ቅጫ፣ የክስታኔ ጎርደና ሴራ ነጋሪት ጋዜጣ ከመታተሙ በፊት ጀምሮ የደም ጉዳይ ሲዳኙ የኖሩ ሥርዓቶች ናቸው። ዛሬም በሰው እጅ የጠፋ ሕይወት ሽማግሌ ሳይቀመጥበት እንዲሁ አያልፍም። እንበል፣ የጅማን መንገድ ይዞ የሚሠራ ሚኒባስ ከገበያ የሚመለስ ሰው ገጨና ሰውየው ሞተ። ሹፌሩ የሚኖረው እዚያው ከተማ ነው። ነገም የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። የሟች ወንድም መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለው። ሹፌሩና ባለቤቱ ለቅሶ ሳይደርሱ፣ ለቀብሩ ሳያዋጡ፣ ሽማግሌ ሳይልኩ እንዴት አድርገው ይኖራሉ? ለመስቀል ወይም ለአረፋ አገር ቤት የሚገባ ሰው ቂም ይዞ አይገባም። በሽማግሌ ፊት ቆሞ «አጥፍተናል፣ ማሩን» ማለት ታዲያ የለቅሶ ቋንቋ ነው። የፍርድ ቤት ቃል አይደለም።

የኢንሹራንስ ውሉ ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በአገራችን የተለመዱት የሞተር መድን ውሎች ላይ፣ ሲፈርሙ ማንም በማያነበው ገጽ፣ አንድ ሐሳብ አለ፦ የመድን ገቢው ያለ ኩባንያው የጽሑፍ ፈቃድ ጥፋት ማመን፣ ክፍያ መፈጸም ወይም ለመክፈል ቃል መግባት አይችልም። የተጻፈበትን ምክንያት እረዳለሁ። ሁለት ሰዎች ተመካክረው አደጋውን አጋንነው የኩባንያውን ገንዘብ እንዳይካፈሉት ነው። ሌባ መኖሩንም አልክድም። ግን ለሌባ የተጠመደ ወጥመድ ለቀስተኛውን ሲይዝ «ውሉ ነው» ብሎ ዝም ማለት አይቻልም።

ሕጉን ራሱን እንየው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይሠራም እንኳ። ኃላፊነቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው የተጎጂው ጥፋት ሲኖርበት ነው። ስለዚህ እግረኛ ሲገጭ «አጥፍተናል» ማለት አለማለት የባለቤቱን ዕዳ ብዙም አይለውጠውም። ባይናገርም ባለዕዳ ነው። ታዲያ ኩባንያው በሽማግሌ ፊት በተባለች አንዲት ቃል ምን ያህል ተጎዳሁ ሊል ነው?

ገንዘቡንም እንይ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድን ሲደነገግ ለአንድ ሰው ሞት የተተመነው ካሣ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40,000፣ ለንብረት 100,000። አዎ፣ ለንብረት የተሰጠው ከሰው ይበልጣል። በ40,000 ብር ዛሬ ለመስቀል የሚሆን ደህና ሰንጋ አይገዛም። ጣሪያው ከፍ ቢልም ሽማግሌዎች የሚወስኑት ከዚያ በላይ ሲሆን ልዩነቱ የሚወጣው ከባለቤቱ ኪስ፣ ከዘመድ መዋጮ ነው። ኩባንያው የሚጠየቀው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። እሷንም ለማስቀረት ዕርቁን ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል። ሰላሙን ያወረዱት ሽማግሌዎች፣ ፕሪሚየሙን የሰበሰበው ኩባንያ፣ የከፈለው ቤተሰብ!

እሺ፣ ሽምግልናውም ንጹሕ አይደለም። የተጎጂው ወገን ድሃ ሲሆን፣ ባለመኪናው ደግሞ ዘመደ ብዙ ሲሆን፣ ሽማግሌው ሳያውቀው ወደ ጉልበተኛው ያዘነብላል። እግሯ የተሰበረ ቡና ሻጭ ሕክምናዋ ሳያልቅ «ይቅር ብያለሁ፣ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» በሚል ወረቀት ላይ ጣቷን ታሳርፋለች። ከወራት በኋላ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝላት ያቺ ወረቀት ትመጣለች። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ባለቤቱን ካሣ ያስከለከለውም፣ ተጎጂዋን መብት ያሳጣውም በግዴለሽነት የተጻፈ የዕርቅ ወረቀት ነው። የሁለቱ ኪሳራ አንድ ላይ የሚጠቅመው ኩባንያውን ነው።

«ሌላው ዓለም ላይም ውል ውል ነው» የሚል ካለ፣ የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣችውን የይቅርታ ሕግ ይመልከት። ይቅርታ መጠየቅ ጥፋተኝነትን ማመን ተደርጎ አይቆጠርም፤ የኢንሹራንስ ውሉ ተቃራኒውን ቢልም እንኳ ይቅርታው የመድን ሽፋኑን አይነካም ይላል። እንግሊዝም በዚያው ዓመት ይቅርታ ወይም ሕክምና ላቅርብ ማለት ብቻውን ጥፋት ማመን አይደለም ብላለች። እኛ ደግሞ ይቅርታ የአደባባይ ሥርዓት የሆነባት አገር ይዘን ይቅር ያለውን እንቀጣለን። የራሳችን የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አዋጅ፣ ቁጥር 1237/2013፣ ለዕርቅ ሕጋዊ ቦታ ሰጥቷል። አዋጁ ያከበረውን ዕርቅ ውሉ ለምን ያረክሰዋል?

ስለዚህ ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ሁለት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ ለቅሶ መድረስ፣ የቀብርና የመጀመሪያ ሕክምና ወጪ መሸፈን፣ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ መጠየቅ ካሣ እንደማያስከለክሉ በየውሉ ላይ እንዲጻፍ ያዝዝ። ሁለተኛ፣ ደንበኛው «ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው» ብሎ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ኩባንያው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ሰው ይላክ ወይም ተቃውሞውን ይጻፍ። ዝም ካለ እንደተስማማ ይቆጠር። ማጭበርበር የሚፈራ ኩባንያ መጥቶ ይቀመጥ፤ ሽማግሌ እንግዳ አያባርርም።

እስከዚያ ግን ባጃጅም ሆነ አይሱዙ ለምትነዱ፣ አባቶቻችሁንም ለምትወክሉ ልጆች፦ አደጋውንም የሽምግልናውን ቀጠሮም ሳይውል ሳያድር በጽሑፍ አሳውቁ፣ ቅጂው ላይ ገቢ የተደረገበትን ማኅተም አስመቱ። የዕርቅ ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ክፍያው ለሰብዓዊነትና ለሰላም እንጂ ጥፋት በማመን አለመሆኑ፣ የሁለቱም ወገን የኢንሹራንስ መብት መጠበቁ፣ የተጎጂው ሕክምና እስኪያልቅ የመጨረሻ አለመሆኑ። ዕርቅ የወንጀል ክስን እንደማያስቀር እወቁ። ጊዜውንም ቁጠሩ፤ ተጎጂ ባለቤቱን የሚከስበትም፣ ባለቤቱ ኢንሹራንሱን የሚከስበትም በመርህ 2 ዓመት ነው። «ነገ ና» እያለ የሚያመላልስ ቢሮ ይህን ጊዜ እናንተ ባትቆጥሩትም እሱ ይቆጥረዋል።

ሽማግሌዎቻችን ከሁለት ቤት መሐል ቂም አውጥተዋል። የእነሱ ሥራ አልቋል። የቀረው ፕሪሚየም የተቀበለው ሰው ሥራ ነው።