አውራ ፍለጋ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ከቦንጋ ደወለልኝ። በፖለቲካው፣ በንግዱና በማኅበራዊ ኑሮው «ክልላችንን የሚዘውሩ» ሰዎች ተመርጠው የሚወደሱበት ዝግጅት ታስቧልና፣ አሥራ ሁለት ስንኝ ውዳሴ እንድጽፍለት ፈልጎ ነው። «ስሞቹን እልክልሃለሁ፤ አንተ ቤት ብቻ አስመታልኝ» አለኝ። ስሞቹን ላከ። ግጥሙን ግን አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ፣ ወዳጄን ጨምሮ ስንኝ የሚቋጥር ሁሉ ያነበው ዘንድ እነሆ እዚህ አኖራለሁ።

ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንበር ያለው አለ፤ ገንዘብ ያለው አለ፤ ሁለቱም ያለው አለ። የሌለው ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ መጻፍ የነበረበት ጥያቄ ነው፦ ይህን ሰው «ተው» የሚለው ማን ነው? እርሱስ ተብሎ የተወው መቼ ነው?

ለዚህ ስሕተታችን ቋንቋችንም ያግዘናል። ከሌላው ገዝፎ የታየንን ሁሉ «አውራ» እንለዋለን። አውራ ዶሮ፣ አውራ ጎዳና፣ በኢሕአዴግ ዘመን ደግሞ «አውራ ፓርቲ»። ያ አውራ በ2012 ዓ.ም. ፈርሷል፤ አውራ ፈልጎ ከሥሩ የመሰለፍ ልማዳችን ግን አልፈረሰም። አንዱ ሲነሳ ቦታው ሳይቀዘቅዝ ሌላ እንፈልጋለን፤ ውዳሴውም ስሙ ብቻ ተፍቆ ለመጪው ይውላል።

የካፋን ታሪክ ጥቂት ያነበበ ሁሉ የታቶ ጋኪ ሸሮቾን ስም ያውቃል። የካፋ የመጨረሻው ንጉሥ ነበሩ። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከወራት ውጊያ በኋላ በ1889 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ማረካቸው፤ በሰንሰለት ታስረው ተወሰዱ፤ ዳግመኛም አልነገሡ። ስለ እርሳቸው ይገጠም፤ ይገባቸዋል። ነገር ግን ታቶው ብቻቸውን አይገዙም ነበር። ሚክሬቾ የሚባል የመማክርት ጉባኤ ነበራቸው፤ አባላቱ ከታላላቅ ጎሳዎች የተውጣጡ፣ ቁጥራቸውም በአብዛኛው ሰባት ነበር። ንጉሥ ሲሞት ከልጆቹ መካከል ዙፋኑን የሚወርሰውን የሚመርጡ እነዚሁ ነበሩ። ንጉሡ ከሕዝብ ዓይን በመጋረጃ ተከልለው ሲኖሩ፣ የአገሩ ጉዳይ በመማክርቱ እጅ ያልፍ ነበር። ለታቶው የሚገጥም ሞልቷል፤ ሰባቱን በስማቸው እየጠራ የሚገጥም ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ከመጋረጃው ጀርባ የነበሩት በስም ሲታወሱ፣ ከፊት ለፊቱ ቆመው «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይሉ የነበሩት ተረሱ።

ይህን ስል ሚክሬቾን አስውቤ ለማቅረብ አይደለም። ያ ጉባኤ የባለ ጎሳዎች ጉባኤ ነበር። የመንግሥቱን ኬላ ይጠብቁ የነበሩት ማንጆዎች ናቸው፤ ወደ አገሩ የሚገባውም የሚወጣውም በእነርሱ ፊት ያልፍ ነበር። ሆኖም በሩን የጠበቀው ማንጆ ከሌላው ጋር ከአንድ ማዕድ አይቆርስም፤ የሌላውንም ቤት ደፍ አይሻገርም። ይህ መገለል ከዘውዱ ጋር አልተቀበረም፤ ዛሬም በድግስና በጋብቻ ጊዜ ፊቱን ብቅ ያደርጋል። ከወዳጄ ዝርዝር ውስጥ የእነርሱን ወገን ፈልጌ አጣሁ። እንግዲህ ከአባቶቻችን የወረስነው ማንን ወደ ውጭ እንደምንገፋ ነው፤ ንጉሥን በምክር መግታቱን ግን ከመጋረጃው ጋር ጥለነዋል።

«ያለፈውን ተወው፤ ዛሬ ሌላ ዘመን ነው» ይለኝ ይሆናል ወዳጄ። መልካም፤ ዛሬን እንይ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ሁሉም ነገር በአንድ ከተማ እንዳይከማች መቀመጫነቱ ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለተርጫና ለቴፒ ተከፋፈለ፤ ቦንጋም የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ክልሉን የፈጠረው ያን ቀን ተሰልፎ ካርዱን ኮሮጆ ውስጥ የጨመረው ሰው ነው። ሥልጣንን ለአራት ከተማ ያከፋፈለ ክልል ክብርን ለጥቂት ሰው ጠቅልሎ የሚሰጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

አውራ መምረጥ ያማረው ሰው ወደ አዲዮ ይውረድ። በዚያ የቦንጋ በግ አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው ምርጥ አውራ በግ ያወጣሉ። ጠቦቱ ይመዘናል፤ የእናቱ አወላለድ ከመዝገብ ይታያል፤ ቁመናው በአርቢዎቹ ፊት ይገመገማል። የተመረጠውም ቢሆን ለዘላለም አይሾምም፤ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ጊዜው ሲደርስ ወደ ሌላ መንጋ ይዛወራል። ለበግ ያልነፈግነውን ጥንቃቄ ለራሳችን መንፈጋችን ያሳዝነኛል።

እኔ የምተዳደረው ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ ነው። የእድር ሊቀመንበር ካባ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በአካባቢው ሁሉ ተከብረው ይመጣሉ። የጸሐፊውና የገንዘብ ያዡ ፊርማ ከሌለ ግን አንዲት ብር አላወጣላቸውም። እርሳቸውም አይቆጡም፤ እድራቸው ራሱ በቃለ ጉባኤ የወሰነው ነውና። ሦስት ፊርማ ሽማግሌውን ያዋርዳል ብሎ የሚከራከር ሰው አይቼ አላውቅም። ይልቁንም የሚያስከብራቸው እርሱ ነው፤ ለቀስተኛው ገንዘቡ በቦታው እንዳለ ያውቃል።

«ወጣቱ አርአያ ያስፈልገዋል» የሚለውንም እሰማለሁ። ያስፈልገዋል። በቦንጋ ዙሪያ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተቋቋሙት የአሳታፊ ደን አስተዳደር ማኅበራት አሉ፤ የመተዳደሪያ ደንባቸውን አውጥተው ደኑን ከመጥረቢያ የሚጠብቁ። ያ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘገብ፣ እንጨት እንዳይቆረጥ ዘመዱን ሳይቀር ፊት ለፊት የከለከለ ገበሬ የማንም ዝርዝር ውስጥ አልገባም። የክልሉ ታላቅ ሰው ከተባለ እርሱ አንዱ ነው። ወንበር የለውም፤ ግን «ተው» ማለት ያውቃል፤ ማኅበሩም እርሱን «ተው» ይለዋል።

የመጨረሻው ቃሌ ለእኛ ለገጣሚያኑ ነው። አዝማሪው እንኳ ጌታውን ሲያወድስ ከሰሙ ሥር ወርቅ ይሸሽግ ነበር፤ ብልህ ጌታም ወርቁን ሰምቶ ይደነግጥ ነበር። እኛ ሰሙን ብቻ አቅልጠን እናፈሳለን። ግብዣውን የከለከልኩት ወዳጄ ባዶ እጁን እንዳይቀር ከአሥራ ሁለቱ ስንኝ ፈንታ አራት ልኬለታለሁ፦

የሰባቱን ድምፅ በአንድ ሰው ጉሮሮ
ሰምቶ ያጨበጨበ ይጠየቅ ዘንድሮ፤
በሩን የጠበቀው ከደጅ እያደረ
ቤቱ ሙሉ ነው ያለ፣ ቆጠራ ያልተማረ።

እስካሁን መልስ አልሰጠኝም። በዝግጅቱ ላይ ቢያነበው ግን አሥራ ሁለቱንም እጽፍለታለሁ።