«አፈር ስሆን» የምንለው ጉርሻ

በአገራችን ልማድ ምግብ ሲቀርብ እናት የገበታው መጨረሻ ናት። እንግዳው ይበላል፣ አባወራው ይበላል፣ ልጆች ይበላሉ። እርሷ ወጥ ስትጨምር፣ እንጀራ ስታቀርብ፣ ውኃ ስትቀዳ ትቆይና የተረፈውን ከምድጃው ዳር ቁጭ ብላ ትቀምሳለች። ምን ያህል እንደበላች፣ እንዴትስ እንደዋጠች የሚያይ የለም። ይህ ሁሉ እንደ ደግነትና እንደ ትዕግሥት ሲቆጠርላት ኖሯል። ነገር ግን ይኸው ልማድ አንድን ከባድ በሽታ ለወራት ያህል ሊሸሽግ እንደሚችል ያስተዋልን ጥቂቶች ነን። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

ጐንደር ከተማ ውስጥ፣ ለሕክምና በተከራዩት አንድ ክፍል ቤት ያነጋገርኳቸው እናት የዳባት ገጠር ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ስለጠየቁኝ አልጠቅስም። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት ያለፈ ሲሆን፣ ሐኪሞች ያገኙባቸው በሽታ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው። የበሽታውን አጀማመር የነገረችኝ አስታማሚ ልጃቸው ናት።

«እማ መጀመሪያ ቆሎ ተወች፤ ጥርሴን ነው አለችን። ቀጥላ ቂጣና ዳቦ ተወች። ከዚያ ወዲህ እንጀራውን በእያንዳንዱ ጉርሻ ውኃ እየጠጣች ማውረድ ጀመረች። ኋላ አጥሚት ብቻ ሆነ። እኛ የነቃነው መቀነቷ ወገቧ ላይ ከወትሮው ሁለት ዙር ሲጨምር ነው። አንድ ቤት እየኖርን አላየናትም» አለችኝ።

ለምን አስቀድመው እንዳልተናገሩ እናትየውን ጠየቅኋቸው። የሰጡኝ መልስ አጭር ነው። «ብናገር በሬው ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ ማን ያርሳል?» አሉኝ።

አንባብያን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን መልስ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እኒህ እናት ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ሕመማቸውን የደበቁት ለቤታቸው አስበው ነው።

በሽታው እንዴት ይታወቃል?

የምግብ ቧንቧ ከጉሮሮ ተነሥቶ በደረት ውስጥ አልፎ ከጨጓራ የሚደርስ፣ ርዝመቱ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ የሥጋ ቱቦ ነው። ተፈጥሮው የሚለጠጥ በመሆኑ በውስጡ ዕጢ ማደግ ቢጀምርም ለጊዜው ምግብ ያሳልፋል። ሰውየው መዋጥ ሲቸግረው ቧንቧው ብዙውን ስፋቱን አጥቷል ማለት ነው። ስለዚህም ምልክቱ በቅደም ተከተል ይመጣል። በመጀመሪያ ደረቅ ምግብ፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ በመጨረሻም ፈሳሹ ሁሉ አልወርድ ይላል። ምግብ ደረት ላይ የቆመ መምሰል፣ የዋጡት መመለስ፣ ምራቅ መብዛት፣ የድምፅ መጐርነንና ያለምክንያት መክሳትም ይከተላሉ።

በጐንደርና በአካባቢው ጉሮሮውን ያመመው ሰው «እንጥሌ ወርዶ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። እንጥል መቁረጥ የደም መፍሰስና መመረዝ ከማስከተሉም በላይ ለዚህ በሽታ አንዳች ጥቅም የለውም፤ ጊዜ ብቻ ያባክናል። መዋጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያህል ካስቸገረና እየባሰ ከሄደ መፍትሔው ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። እዚያም ኢንዶስኮፒ በሚባለው፣ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ ቧንቧው በአፍ በኩል ይታያል፤ ለምርመራም ናሙና ይወሰዳል። እርግጥ የመዋጥ ችግር ሁሉ ካንሰር አይደለም። የጨጓራ አሲድ ያስከተለው ጠባሳና ሌሎች ሊድኑ የሚችሉ ሕመሞችም ይህንኑ ምልክት ያሳያሉ። ይህም ቶሎ ለመመርመር ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ስቴንት ምንድን ነው?

እኒህ እናት ሆስፒታል ሲደርሱ ውኃ እንኳ በችግር ነበር የሚወርድላቸው። በመሆኑም ወደ አዲስ አበባ ተልከው ስቴንት ገባላቸው። ከዚያም ወደ ጐንደር ተመልሰው በጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኬሞቴራፒ የተባለውን የመድኃኒት ሕክምና ጀመሩ።

ስቴንት ማለት ከስስ ሽቦ እንደ መረብ የተሠራ ቱቦ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ኒቲኖል ከሚባል የኒኬልና የቲታኒየም ቅልቅል ሲሆን፣ ዕጢው በመረቡ ቀዳዳ አልፎ እንዳያድግ አብዛኛው በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ተጠቅልሎ ቀጭን ሆኖ በአፍ በኩል ይገባና በጠበበው ስፍራ ላይ ሲለቀቅ በራሱ እየተከፈተ ቧንቧውን ያሰፋዋል። ደረት አይከፈትም። ሙሉ በሙሉ እስኪከፈት ጥቂት ቀናት የሚወስድ በመሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረት ላይ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ለዚህም ማስታገሻ ይታዘዛል። ሥራው ባለሙያ የሚፈልግ ቢሆንም የግድ ትልቅ ከተማ አይጠይቅም። በጐረቤታችን በኬንያ፣ ቦሜት በምትባል ቦታ የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በኢንዶስኮፒ ብቻ፣ ያለ ራጅ እገዛ ይህን ሕክምና ሲሰጥ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ስቴንት ካንሰሩን አያድንም። የሚሠራው በሽተኛው እንዲበላና ለሌላው ሕክምና አቅም እንዲኖረው መንገድ መክፈት ነው። የጨረር ሕክምና ያስፈለገው ሰውም ሩቅ ሊጓዝ ይችላል። ይህ ሕክምና ለረጅም ዘመን በአገራችን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ጅማን በመሳሰሉ ቦታዎች ተጀምሯል። ከጐንደር አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን መንገድ የተራበ ሰው አይችለውም፤ መብላት የሕክምናው አንድ ክፍል ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

በወጥ ቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

ስቴንት እንደ ጤነኛ ቧንቧ ምግብን እየጨመቀ ወደ ታች አይገፋም። ምግቡ የሚወርደው በክብደቱና በሚጠጣው ፈሳሽ ነው። ይህን የተረዳች የቤት እመቤት ምን መሥራት እንዳለባት ራሷ ታውቃለች።

በመጀመሪያ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ፈሳሽ ብቻ ይሰጣል። ቀጥሎም ልም የሆኑ ምግቦች ይጀመራሉ። የደጋው ጓዳ ለዚህ የሚሆን ነገር አላጣም። የገብስ ወይም የአጃ አጥሚት በወተት ተሠርቶ፣ ጓጉሉ በማጥለያ ተጠልሎ፤ በሶ በማር ቀጥኖ ተበጥብጦ፤ ድንች ተቀቅሎ በወተትና በቅቤ ተፈጭቶ፤ የምስር ሾርባ፣ ቀጭን ሽሮ፣ እርጎ፣ የላመ ሙዝና ፓፓያ ጥሩ ናቸው። በሽተኛው በአንድ ጊዜ የሚወስደው ጥቂት በመሆኑ በእያንዳንዱ ሲኒ ላይ ቅቤ፣ ዘይት፣ ወተት ወይም ማር መጨመር ኃይል ይሰጠዋል። ሦስት ጊዜ ብዙ ከማቅረብ ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ማቅረብ ይሻላል።

ሊቀሩ የሚገባቸውም አሉ። ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ጥብስ፣ ጥሬ ጐመን፣ የብርቱካን ገለፈት፣ እሾህ ያለው ዓሣና ጠንክሮ የተቀቀለ እንቁላል ስቴንቱን ሊዘጉ ይችላሉ። ድፎ ዳቦና ትኩስ እንጀራም በምራቅ ተላቁጠው ይጣበቃሉ። እንጀራ የናፈቀው በሽተኛ ሐኪሙ ከፈቀደለት በቀጭን ሽሮ ውስጥ በደንብ ርሶ የላመ ፍትፍት፣ በትንሽ ማንኪያ፣ እያኘከ ሊበላ ይችላል።

አበላሉም እንደ ምግቡ ሁሉ ጥንቃቄ ይሻል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ሳይቸኩሉ፣ በጉርሻ መካከል ለብ ያለ ውኃ እየጠጡ መብላት፤ በመጨረሻም ውኃ ወይም አምቦ ውኃ ጠጥቶ ቧንቧውን ማጠብ ያስፈልጋል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል አለመተኛት፣ ሲተኙም ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ደርቦ ከወገብ በላይ ቀና ማለት የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ እንዳይመለስ ይረዳል። ክኒን ፈጭቶ ከመስጠት በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይገባል፤ መፈጨት የሌለባቸው መድኃኒቶች አሉና።

ጉርሻውስ?

ውድ አንባብያን፣ በዚያ ቤት ሳለሁ የከበደኝን ነገር ላጫውታችሁ። ጠያቂዎች መጡ። ከአገር ቤት ድረስ ተሸክመው ያመጡትን ድፎ ዳቦ ቆረሱና አንዲት ጐረቤታቸው «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ፣ በሞቴ!» እያሉ ወደ በሽተኛዋ አፍ ዘረጉ። እናትየው እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው አፋቸውን ከፈቱ። ልጅቷ እንደ ቀልድ ጉርሻውን ቀማችና በራሷ አፍ አደረገችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እርሷ ግን አልሳቀችም። በኋላ ከደጅ ሆና «ባለፈው ጊዜ እንዲሁ ሲያጐርሷት ዘግቷት ሌሊቱን ሙሉ ምራቋን ስትተፋ አደረች» አለችኝ።

ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው። ስቴንት ላለበት ሰው ግን ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው። ፍቅራችንን በሌላ መንገድ መግለጽ እንችላለን። ጠያቂ ሆነን ስንሄድ ዳቦውን ትተን ወተት፣ ማር፣ ሙዝ ወይም የትራንስፖርት ገንዘብ እንያዝ። «ብላ፣ ብዪ» እያልን ከማስጨነቅ ይልቅ ምን እንደሚወርድላቸው አስቀድመን እንጠይቅ።

ምግብ ተቀርቅሮ ቢዘጋ በሽተኛው መብላቱን ወዲያው ያቁም። ተነሥቶ ጥቂት እየተራመደ ለብ ያለ ውኃ ወይም አምቦ ውኃ ፉት ይበል። በጣት አይቆፍር፣ ሌላ ጉርሻም አይከተል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተከፈተ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ደም ማስታወክ፣ ጥቁር ሰገራ፣ ትኩሳት፣ ከባድ የደረት ሕመም፣ ወይም ውኃ በጠጡ ቁጥር የሚያንቅ ሳል ከታየ ሌሊትም ቢሆን የሚጠበቅበት ምክንያት የለም።

ጾምና ጠበል

እኒህ እናት ስቴንት የገባላቸው በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነበር። ወተቱን አልቀምስም ብለው ለብዙ ቀናት ቤተሰቡን አስጨነቁ። ጉዳዩን የፈቱት የንስሐ አባታቸው ናቸው። «ወተቱ መድኃኒትሽ ነው፤ ጠጪ» አሏቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለበሽተኛ ይራራል፤ የእስልምና ሥርዓትም እንዲሁ በሽተኛን ከረመዳን ጾም ነፃ ያደርጋል። ቤተሰብ ከበሽተኛው ጋር ከመከራከር ይልቅ የሃይማኖት አባቱን ቢያማክር ቶሎ ይስማማል። ጠበል የሚጠቀሙም ቢሆኑ የሐኪም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ፣ ብዙ ጠጥቶ በማስመለስ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እየጠጡ ይሁን።

ትኩስ መጠጥ

በአገራችን ይህ በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አርሲና ባሌ ይገኙበታል። በዚያ የተደረጉ ጥናቶችም ገንፎን እጅግ ትኩስ እንደሆነ ከመብላት ጋር አያይዘውታል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በሰኔ 2008 ዓ.ም. ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚፋጅ መጠጥ በሰው ላይ ካንሰር ሳያስከትል እንደማይቀር አስታውቋል። ትምባሆና የአልኮል መጠጥ አደጋውን እንደሚጨምሩ ጥርጥር የለውም። ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ባለችው ደባርቅ ውኃ የሚፈላው ከ100 ሳይሆን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ቢሆንም ከጀበናው እንደወረደ የሚጠጣ ቡና ከተባለው መጠን ያልፋል። ብርዱ ምንም ያህል ቢጠና ቡናውም ሻዩም አጥሚቱም ጥቂት በረድ ይበል።

እንግዲህ ጓዳ ለጓዳ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሌላው ጥያቄያቸው ጋር «እህል ይወርድልሻል?» የሚለውን ቢጨምሩ ብዙ እናት ቀድማ ትገኝ ነበር። ከሁሉ በፊት ግን ይህን መጠየቅ የሚገባን እኛው በቤት ያለነው ነን።

እናትየው ዛሬ ሕክምናቸውን በመከታተል ላይ ናቸው። በሬው ተሸጧል፤ የዘንድሮውን እርሻ ወንድማማቾቹ ከጐረቤት ጋር በመቀናጆ አርሰዋል። ልጅቷም በየማታው ትሪውን ከእናቷ ፊት ታስቀምጥና ከእርሳቸው እኩል ያንኑ የላመ ፍትፍት በማንኪያ ትበላለች። ስሰናበታቸው እናትየው «በሬው መተካቱ አይቀርም አሉኝ፤ እኔም አመንኳቸው» አሉኝ።

ዛሬ ማታ ገበታ ሲቀርብ እናታችሁን፣ ሚስታችሁን፣ እህታችሁን ከምድጃው ዳር አስነሡና ከመካከላችሁ አስቀምጧት። ከዚያም ስትበላ እዩአት።