የቁስጥንጥንያ ቅጽርና የአሳዳሾቹ ችኮላ

የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የተማረ ሰው ታናሹን ቴዎዶስዮስን የሚያውቀው በ431 የንስጥሮስ ነገር ይመረመር ዘንድ ጉባኤ ኤፌሶንን በመጥራቱ ነው። ይሁን እንጂ ከጉባኤው አስቀድሞ፣ ንጉሡ ገና ብላቴና ሳለ፣ መንግሥቱን ይጠብቅለት የነበረው አንቴምዮስ በ413 ያስፈጸመው የቁስጥንጥንያ ቅጽር እስከ ዛሬ በዚሁ ንጉሥ ስም ይጠራል፤ በኢስታንቡልም ምዕራብ በኩል ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይታያል። ዩኔስኮ በ1985 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን ይህን ቅጽር በሚመለከት ሊቃውንቱንና አሳዳሾቹን ሲያከራክር የኖረው ነገር የፈረሰው እንደ አዲስ ይሠራ ወይስ እንደ ቆሰለ ይጠበቅ የሚለው ነው።

የዚህ ድርብ ቅጽር የውስጠኛው ግንብ አሠራር በእውነት ያስደንቃል። ከፊትም ከኋላም ጥርብ ድንጋይ ተደርድሯል፤ መካከሉን የሞላው ያልተጠረበ ድንጋይ በኖራ የተያያዘ ሲሆን፣ ኖራው የተፈጨ ሸክላ ስለ ገባበት መልኩ ወደ ቀይነት ያደላል። ግንቡ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥርም የጡብ ድርድር፣ ብዙውን ጊዜ አምስት አምስት ረድፍ እየሆነ፣ ከገጽ እስከ ገጽ አቋርጦ በማለፍ ሁለቱን ፊት እንደ መቀነት ያስተሳስራቸዋል። እንዲህም ሆኖ በ447 ምድር ስትናወጥ 57 ማማዎች ወደቁ፤ የሁኖች ንጉሥ አጢላ ጭፍሮቹን ይዞ ይመጣል ተብሎ ይፈራ ስለ ነበርም በሁለት ወር ውስጥ ተጠገኑ። በ740 ሌላ መናወጥ ባፈረሰው ጊዜ በቅዱሳት ሥዕላት ጠላትነቱ ስሙ የከፋው ልዮን ሣልሳዊ ግብር ጨምሮ አሳደሰው፤ በሃይማኖት ነገር የሚነቀፈው ይህ ንጉሥ ለግንብ እንዳልሰሰተ ግን በማማዎቹ ላይ የተጻፈው የእርሱና የልጁ የቆስጠንጢኖስ ስም ይመሰክርለታል። በ1453 ደግሞ የዳግማዊ መሐመድ መድፍ በሊኮስ ሸለቆ በኩል ያለውን ክፍል አፈራረሰው፤ ከድሉ በኋላም ያስጠገነው ይኸው ሱልጣን ነው።

ይህ ሁሉ ነገር ከግንቡ ገጽ ላይ ሊነበብ ይችላል፤ ንባቡ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። አጥኚው ገጹን ድንጋይ በድንጋይ ይሥላል፤ የጡቡን ውፍረት ይለካል፤ ማኅተም ያለበት ጡብ ካገኘ ማኅተሙን ይገለብጣል፤ ከኖራውም ጥቂት ፈርፍሮ ሸክላው የደቀቀ ወይም ያልደቀቀ እንደ ሆነ ይመረምራል። ከሁሉ ይልቅ የሚያተኩረው ግን በመጋጠሚያው ላይ ነው፤ አንዱ ግድግዳ በሌላው ላይ ተደግፎ ከቆመ የተደገፈው ኋለኛ መሆኑ ይታወቃል፤ የጡቡ ድርድር በድንገት ተቆርጦ ሌላ ዓይነት ድንጋይ ከተተካበትም በዚያ ሥፍራ ቀድሞ የወደቀ ነገር እንደ ነበረ ያስረዳል።

በ1980ዎቹ ዓመታት የተጀመረው እድሳት ይህን መጋጠሚያ በብዙ ቦታ በአዲስ ድንጋይና በአዲስ ጡብ ሸፈነው። የሚጎበኝ ሰው የጥንቱን መልክ ይይ ተብሎ ይሆናል፤ ነገር ግን ያየው ጥንት ሳይሆን የትናንት ግንበኛ ግምት ነው። በ1999 ምድር በተናወጠች ጊዜ ደግሞ አዲስ የተሠራው ፈረሰና ከሥሩ ያለው ጥንታዊው ግንብ ቆሞ ተገኘ፤ ከዚህ የበለጠ ነቃፊ ሊገኝ አይችልም።

ፍርስራሹ በመንገደኛ ላይ ይውደቅ የሚል የለም። ያዘመመው ይደገፍ፤ ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ የተከፈተው አናት በኖራ ይከደን፤ የግድ የሚሞላ ቀዳዳ ካለም መሙያው ከጥንቱ ገጽ ጥቂት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይሠራና ለዓይን ይለይ። እኔ አጥብቄ የምቃወመው ሥዕሉና ልኩ ተዘጋጅቶ በመዝገብ ቤት ሳይቀመጥ አንድ ድንጋይ እንኳ እንዲነሣ መፍቀድን ነው፤ ለሥራ ተቋራጩም ክፍያው በሠራው አዲስ ግንብ ስፋት የሚታሰብ ከሆነ፣ አሮጌውን የማዳን ምክንያት አይኖረውምና ውሉ ይህን አከፋፈል በማረም ይጀምር።